ሮዙ ሻማ መቼ ይበራል? (መልስ)

ልጅዎ ለአድቬንት፣ ማለትም ከገና በፊት ላሉት አራት የዝግጅት እሑዶች፣ በጉንጉን ላይ የሚቆሙ አራት ሻማዎች እንድታመጣ ታዝዛ፣ ሮዙ መቼ እንደሚበራ ጠይቀውኛል፤ የሚበራው በሦስተኛው እሑድ ነው። ከአራቱ ሻማዎች በመጀመሪያውና በሁለተኛው እሑድ ሐምራዊውን፣ በሦስተኛው ሮዙን፣ በአራተኛው ደግሞ የቀረውን ሐምራዊ ያበራሉ፤ ቀደም ብለው የበሩትም አብረው ይበራሉ። ሮዝ የሆነበት ምክንያት እሑዱ «ደስ ይበላችሁ» የሚባልበት በመሆኑ ነው፤ ይህን ለልጅዎ ቢነግሯት እወዳለሁ።

ወደ የትኛው ገና እንደሚቆጠር ለጠየቁት፦ አራቱ ሻማዎች የምዕራባውያን ልማድ ስለሆኑ ቆጠራው ወደ ዲሴምበር 25 ነው፤ የመጀመሪያው እሑድም ከኖቬምበር 27 እስከ ዲሴምበር 3 ባሉት ቀናት ውስጥ ይውላል። በግእዝ ሥርዓት (በአገራችን ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት) ግን ገና ታኅሣሥ 29 ስለሚከበር፣ ከእርሱ በፊት ያሉት ሦስት እሑዶች ስብከት፣ ብርሃንና ኖላዊ ይባላሉ፤ እኛ ፒያሳ ባለው ቤታችን ሁለቱንም ለልጆቻችን እናስረዳለን እንጂ አንዱን በሌላው አንተካም።

አንድ ነገር ግን አደራ እላለሁ። ጉንጉኑን በጥድ ቅጠል ከሠሩት በየሳምንቱ ይቀይሩት፤ እኛ አንድ ዓመት ሳንቀይረው ቆይተን፣ በአራተኛው እሑድ ያጠረው ሻማ የደረቀውን ጥድ አቀጣጥሎት የጠረጴዛው ልብስ ተቃጥሏል። ከዚያ ወዲህ ሻማዎቹን የምናቆማቸው በብረት ትሪ ላይ ነው።