መልስ፦ ደሪ ሲቲ ለምን ድንበር ተሻግሮ ይጫወታል?

ሰላም ወንድሜ። «ደሪ ያለችው ሰሜን አየርላንድ፣ የእግር ኳስ ክለቧ የሚጫወተው ግን በአየርላንድ ሪፐብሊክ ሊግ። እንዴት?» ብለሃል። ጥሩ ጥያቄ ነው፣ እኔም ይህን ክለብ የወደድኩት በዚሁ ታሪኩ ነው።

ደሪ ሲቲ በ1928 ተመሠረተ (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ሜዳው ብራንዲዌል ከቦግሳይድ ሰፈር አጠገብ ነው። ከላይ ኮረብታው ላይ የከተማዋ መቃብር ቁልቁል ያየዋል። ያ አካባቢ፣ ሰሜን አየርላንድ በብሪታንያ ሥር ትቆይ በሚሉና ከአየርላንድ ሪፐብሊክ ጋር ትዋሃድ በሚሉ ወገኖች መካከል የነበረው ግጭት እምብርት ነበር። በ1971 የእንግዳው ቡድን የባሊሚና አውቶቡስ ተጠልፎ ተቃጠለ። ከዚያ በኋላ ለደህንነት ሲባል ደሪ «የሜዳዬ» የሚላቸውን ጨዋታዎች ኮልሬን ከተማ ድረስ ሄዶ ለመጫወት ተገደደ። ደጋፊው ራቀ፣ ገቢው ነጠፈ። ወደ ብራንዲዌል ለመመለስ ያቀረበው ጥያቄ በሊጉ ክለቦች ምርጫ በአንድ ድምፅ ልዩነት ወደቀ። አስበው፣ በአንድ ድምፅ! በጥቅምት 1972 ከሰሜን አየርላንድ ሊግ ወጣ።

13 ዓመት ሙሉ ከተማዋ ያለ ትልቅ ኳስ ቆየች። በ1985 የደቡቡ ሊግ ተቀበለው። ብራንዲዌል ጢም ብሎ ሞላ፣ ሥርዓት የሚያስከብሩትም ፖሊሶች ሳይሆኑ የክለቡ አስተናባሪዎች ነበሩ። በ1989 ደግሞ በጂም ማክላክሊን አሠልጣኝነት ሊጉን፣ የአየርላንድ ዋንጫንና የሊግ ዋንጫን በአንድ የውድድር ዘመን ጠራርጎ ወሰደ።