አምባሯን ያየ ተመልካች፦ ከቀድሞ የሲኒማ ማሽን ኦፕሬተር ለወጣቶች

ይድረስ ፊልም ለምትወዱ ልጆቼ፤

በቀደም አንዲት የጎረቤት ልጅ፣ «ጋሼ፣ እኔ ተራ ተመልካች ነኝ፤ ስለ ፊልም አስተያየት ለመስጠት መጀመሪያ መማር አለብኝ እንዴ?» ስትል ጠየቀችኝ። የሒሳብ ሠራተኛ ናት። በምሳ ሰዓት ስለ አንድ ተከታታይ ድራማ የመሰላትን ስትናገር ባልደረባዋ «አንቺ ስለ ሲኒማ ምን ታውቂያለሽ?» ብሎ አሸማቋት ኖሯል። «አያስፈልግም» ብያት መለያየት እችል ነበር። ግን ይህን ጥያቄ ከእኔ አሳምሮ ሊመልስላት የሚችል ሰው በወጣትነቴ አውቅ ነበር። እሱ ትዝ ብሎኝ ሌሊቱን እንቅልፍ አጣሁ።

በደርግ ዘመን መርካቶ አካባቢ ባለ አንድ ሲኒማ ቤት የማሽን ኦፕሬተር ነበርኩ። ያን ጊዜ ፊልም በቆርቆሮ ሣጥን የሚመጣ ከባድ ጥቅል ነው። አንዱ ጥቅል ሃያ ደቂቃ ያህል ይሄዳል። ሁለት ማሽኖች ጎን ለጎን ቆመው አንዱ ሊጨርስ ሲል ሌላው ይቀበለዋል። የመቀየሪያውን ጊዜ የምትነግረን በሸራው ላይ፣ ከላይ በስተቀኝ ጥግ ብልጭ ብላ የምትጠፋ ትንሽ ክብ ምልክት ነበረች። የመጀመሪያዋ ስትታይ ሁለተኛውን ማሽን ታስነሣለህ፤ ጥቂት ሰከንዶች ቆይታ ሁለተኛዋ ብቅ ስትል ትቀይራለህ። ካመለጠችህ ሸራው ነጭ ይሆናል፤ ያኔ ፉጨቱ፣ የእግር ድብደባው፣ «ኦፕሬተር!» የሚለው ጩኸት አይጣል ነው። በዚያ ላይ ብርሃን የሚሰጡት የካርቦን ዘንጎች እየነደዱ ስለሚያጥሩ እነሱንም መጠበቅ አለ። ስለዚህ የእኔ ዓይን የሚውለው ጥጉ ላይ ነበር።

ደጋግመን ከምናሳያቸው ፊልሞች አንዱ መህቡብ ኻን እ.ኤ.አ. በ1957 የሠራው «ማዘር ኢንዲያ» ነው። ወደ ሦስት ሰዓት የሚጠጋ የህንድ ፊልም ነው። አንዲት የገበሬ ሚስት በአራጣ አበዳሪ ተይዛ ልጆቿን በመከራ ታሳድጋለች፤ ታናሽየው ሽፍታ ይሆናል፤ በመጨረሻ የመንደሩን ክብር ሲደፍር በገዛ እጇ ተኩሳ ትገድለዋለች። አዳራሹ በለቅሶ ይናጥ ነበር።

በመሐል ዕረፍት አየር ለመቀበል ደረጃው ላይ ስወጣ አንድ ሰው ይጠብቀኛል። ጠና ያለ የእህል ጆንያ ተሸካሚ ነው፤ ትከሻው ላይ የዱቄት ብናኝ አይጠፋም። ከሱቅ በደረቴው አንድ ሲጋራ ገዝቶ ግማሹን ያጨስና ግማሹን ለፊልሙ መጨረሻ ያቆያል።

«ልጄ፣ ያቺን አምባር አየሃት?» አለኝ አንድ ቀን።

«የቷን አምባር?»

«ኧረ! ማሽኑን የምታዞረው አንተ አይደለህ እንዴ?»

የእናትየዋን አምባር ማለቱ ነው። አምባሩ አበዳሪው እጅ ገብቶ ቀርቷል፤ ልጅየው ዕድሜ ልኩን የሚንገበገበው ለእሱ ነው፤ ጥይት በልቶ ሲወድቅም ለእናቱ የሚዘረጋላት ያንኑ አምባር ነው። «ሰው የሚያለቅሰው ለልጁ ነው» አለኝ ተሸካሚው። «እኔን የሚያስለቅሰኝ አምባሩ ነው። እንግዲህ ብታጠልቀው ምን፣ ብትጥለው ምን!» ሂንዲ አያውቅም፤ ከሥር የሚያልፈውን የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ማንበብ አይችልም። ይህን ሁሉ እንዴት እንደተከታተለ ስጠይቀው፣ «ጽሑፉ ያለው ከታች፣ ፊቷ ያለው ከላይ። እናንተ ማንበብ የምትችሉት ፊቷን መቼ ታዩታላችሁ?» አለኝ።

በሚቀጥለው ትርኢት አምባሯን ፍለጋ ሸራው መሐል ላይ ዓይኔን ተከልኩ። ምልክቷ አመለጠችኝ፤ ሸራው ነጭ ሆነ፤ ተሰደብኩ። ግን አምባሯን አየኋት።

ማሽን ክፍሉ ውስጥ መዝገብ ነበረኝ። የትኛው ጥቅል የት ላይ እንደተበጠሰ፣ ስንት ዘንግ ካርቦን እንደነደደ በየዕለቱ እጽፋለሁ። እሱ ከተናገረው ግን አንዲት መስመር የለችም። በንጉሡ ዘመን የካውቦይ ፊልሞችን አይቷል፤ በኋላም የሶቪየት የጦርነት ፊልሞችን አላመለጡትም። ስለ እነዚያ ምን ያስብ እንደነበር ዛሬ ማንን ልጠይቅ? አንድ ክረምት ብቅ ማለቱን ተወ። ወዴት እንደሄደ የሚያውቅ አልተገኘም።

ስለ «ማዘር ኢንዲያ» ካነሣሁ ይህን ሳልነግራችሁ አላልፍም። እናት ሆና የተጫወተችው ናርጊስና ልጅ ሆኖ የተጫወተው ሱኒል ዳት በተመሳሳይ ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1929 የተወለዱ ናቸው። በቀረጻው ወቅት እሳት ተነሥቶ እሷን ከነበልባል ያወጣት እሱ ነው፤ በማግስቱ ዓመት ተጋቡ። ይህን ለትኬት ቆራጫችን ስነግራት አማተበች። «እናቱን?» ብላ ለሳምንት አኮረፈችኝ።

ወደ ጥያቄው ልመለስ። የዛሬ ወጣቶች ፊልም ታያላችሁ ከማለት ፊልም ትጨርሳላችሁ ማለት ይቀላል። ፍጥነቱን ጨምራችሁ፣ ዝም የሚባልበትን ቦታ እየዘለላችሁ፣ ከዚያ «አሪፍ ነው» ወይም «ይደብራል»። ወይም ከመጀመራችሁ በፊት ስንት ኮከብ እንደተሰጠው ትመለከታላችሁ። ይህ የሌላ ሰው አስተያየት ነው፤ ያንተ የታለ? ፊልም ሲታይ በልኩ ፍጥነትና እስከ መጨረሻው ነው። እርግጥ እኔም አሁን አሁን ግማሽ ሰዓት አይቼ የማጠፋው ብዙ ነው። እናንተ ግን ዕድሜ አላችሁ።

የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» አዲስ አበባ በታየ ሰሞን ከአዳራሽ የሚወጣውን ሰው አስተውል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2008 በቬኒስ ፌስቲቫል የዳኞችን ልዩ ሽልማት ይዞ የመጣ ፊልም ስለሆነ «አልገባኝም» ለማለት የደፈረ ጥቂት ነው። ሁሉም «ትልቅ ሥራ ነው» ይላል። ጀርመን ተምሮ የተመለሰው የፊልሙ ዋና ገጸ ባሕርይ አንበርብር አንዴ በልጅነቱ፣ አንዴ በተማሪነቱ፣ አንዴ ጎልምሶ እናቱ ቤት ስለሚታይ ዘመኑ ይደበላለቃል። አንድ ወጣት ግን ለጓደኛው «ከውጭ አገር ወደ መንደር በመለሰን ቁጥር የት እንዳለሁ ይጠፋኛል፤ እሱም የጠፋበት ይመስለኛል» ሲለው ሰማሁ። ከዚያ ወዲህ ስለዚያ ፊልም የተጻፈ ብዙ ነገር አንብቤያለሁ፤ ያን ያህል የረዳኝ ግን የለም። «አልገባኝም» ብሎ የት ላይ እንዳልገባው የሚናገር ሰው አስተያየት ሰጥቷል።

ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. የውጭ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ ይዞ ሲመጣ ከአገር ውስጥ የጥበብ ሰዎች ብዙ ተቃውሞ ተነሥቶ ነበር። እኔም ከተቃዋሚዎቹ ወገን ነበርኩ፤ ዛሬም ሥራ ያጡብን ተዋንያን ያሳስቡኛል። ዳሩ ግን በየማታው ከባለቤቴ ጋር የቱርክ ድራማ የማየው እኔው ነኝ። በእኛ ደጅ ለቡና የሚሰበሰቡት ሴቶች ከእነዚያ ድራማዎች በኋላ የአገራችንን ሥራ የሚያዩበት ዓይን ተለውጧል። አንዷ ባለፈው አንድ የአማርኛ ድራማ እያየች፣ «ጀበናው ባዶ ነው» አለች። እንዴት እንዳወቀች ስንጠይቃት፣ «ሙሉ ጀበና እንዲህ በአንድ እጅ አይወዛወዝም። ደግሞ ሲኒውን አፏ ድረስ አድርሳ መለሰችው እንጂ አልዋጠችም» ብላ በራሷ ጀበና አሳየችን። ልክ ናት። ቡና የማይጠጣበት የቡና ትዕይንት ላይ የሚለቀሰውን ለቅሶ እኔም ከዚያ ወዲህ ማመን ተሳነኝ።

የቀረጻ ትምህርት፣ የካሜራ ስያሜ፣ የዳይሬክተሮች የሕይወት ታሪክ ደግ ነገር ነው፤ የፈለገ ይማር። ለጎረቤቴ ልጅ ግን ያልኳት ይህን ነው። ያ ባልደረባሽ ደግሞ «ምን ታውቂያለሽ?» ሲልሽ ስለ ሲኒማ አትከራከሪው። ያየሽውን ቦታ ንገሪው፤ ማን ምን እንደያዘ፣ ማን ወዴት እንዳየ። እሱም ያየ ከሆነ ይመልስልሻል።

ደግሞ ለፊልም ምርቃት ስትጠሩ፣ ከትርኢቱ በኋላ በሩ ላይ የሚቆመውን ዳይሬክተር «እንኳን ደስ አለህ» ብላችሁ፣ ፎቶ ተነሥታችሁ ብቻ አትለፉት። ጀበናው ባዶ ከነበረ ባዶ ነበር በሉት። ይቆጣ ይሆናል። ይቆጣ፤ ለሚቀጥለው ፊልሙ ቡና ያስፈላል።