በየት በኩል ነው የሚሻገረው?

ጤና ሳይንስ ለምትማሩ የወሎ ልጆች፤

ዕድሜዬን ማይክሮስኮፕ ፊት ቁጭ ብዬ ነው የጨረስኩት። የባክቴሪያ ስም መሸምደድ እንደሚያሰለች አውቃለሁ። ለፈተና አጥኑት። ከስሙ ጋር ግን አንድ ጥያቄ ያዙልኝ፤ ይህ ነገር ከሰው ወደ ሰው የሚሻገረው በየት በኩል ነው?

ግርሻን፣ ማለትም እየለቀቀ የሚመለሰውን ትኩሳት፣ እንይ። ብርድ በሚበዛበት ደጋችን የቆየ በሽታ ነው። አምጪው ቦሬሊያ ሪከረንቲስ የሚባል ባክቴሪያ ነው። በሽተኛው ትኩሳት ላይ እያለ ደሙን ወስዳችሁ ጊምሳ በሚባለው የላቦራቶሪ ቀለም አቅልማችሁ በማይክሮስኮፕ ብታዩት፣ በቀይ የደም ሴሎች መሃል እንደ ተጠማዘዘ ክር ታገኙታላችሁ። ትኩሳቱ ሲለቀው ከደሙ ይጠፋል። ከቀናት በኋላ የላይ ሽፋኑን ቀይሮ ይመለሳል፤ ሰውነትም አያውቀውም።

የሚያመላልሰው የልብስ ቅማል ነው። ብዙ ሰው ንክሻው የሚያስይዝ ይመስለዋል። ባክቴሪያው ያለው ግን በቅማሉ የሰውነት ፈሳሽ ውስጥ ነው። ፀሐይ ላይ ቁጭ ብሎ ሸሚዙን አገላብጦ ቅማል በጥፍሩ የሚጨፈልቅ ሰው፣ ያንን ፈሳሽ በተቧጨረ ቆዳው ያስገባል። ዓይኑን ቢያሽበትም ያው ነው።

ሕክምናው ቀላል ነው፤ አንድ መርፌ ሊበቃ ይችላል። ነገር ግን በሰዓታት ውስጥ በሽተኛው ይንቀጠቀጣል፣ ትኩሳቱ ይጨምራል፣ የደም ግፊቱም ሊወርድ ይችላል። ባክቴሪያው በብዛት ሲሞት የሚመጣ ነው። ጥላችሁት አትሂዱ። ለቤተሰቡም አስቀድማችሁ ንገሩ፤ አለዚያ መድኃኒቱ ጎዳው ይሏችኋል፣ ሌላ ሰው ሲታመምባቸውም አያመጡላችሁም።

ደህና፣ ዳነ እንበል። ያንኑ ልብስ ለብሶ ሰው ተጨናንቆ ወደሚተኛበት ቤት ከተመለሰ ምን ሠራን? ልብሱና ብርድ ልብሱ መቀቀል፣ ስፌቱም በካውያ መተኮስ አለበት፤ ቅማሉም እንቁላሉም ስፌቱ ውስጥ ነው የሚደበቀው። ቅያሪ ለሌለው ሰው «ልብስህን ቀቅል» ማለት ግን ምክር አይደለም። እስኪደርቅ ምን ይልበስ? ይህን ሳትጠይቁ ካርዱን አትዝጉ።

ወባም በትኩሳቱ ግርሻን ይመስላል። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻና ከዚያ በታች ወዳለው ቆላ ስትወርዱ ብርዱ ይለቃል፣ ትንኙ ይመጣል። በሽተኛውን ሰሞኑን የት እንደሰነበተ ጠይቁት።

ሆስፒታል ውስጥ ደግሞ መንገዱ የእኛው እጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1847 ቪየና ላይ ዜመልቫይስ የተባለ ሐኪም፣ ከአስከሬን ምርመራ የሚመጡ ሐኪሞች ወላዶችን ከመንካታቸው በፊት እጃቸውን በክሎሪን ውሃ እንዲታጠቡ አስገደደ። የእናቶች ሞት በእጅጉ ቀነሰ። ጀርም በሽታ እንደሚያመጣ ገና አልተረጋገጠም ነበር፤ እሱ ግን መሻገሪያውን አገኘው። ይህ ታሪክ ዛሬም ልቤን ይነካዋል።

አንድ ጓንት አድርጋችሁ ከአልጋ አልጋ አትዙሩ። እናንተን ይጠብቅ እንጂ ቀጣዩን በሽተኛ አይጠብቅም። ሲወልቅም እጅ ይታጠባል።

ውሃ ሲጠፋስ ትሉኛላችሁ። ይጠፋል። አልኮል ይረዳል፤ እጃችሁ ላይ ደም ወይም የሚታይ ቆሻሻ ካለ ግን አይበቃም። ስለዚህ ጠዋት ሥራ ስትገቡ መጀመሪያ ቧንቧውን ከፍታችሁ እዩ። ከሌለ ለኃላፊው ተናገሩ፤ ጀሪካን ተሞልቶ እስኪመጣም አትልቀቁት። ጨቅጫቃ ቢሏችሁም አብሽሩ።