ደብዛዛ ጅራታም ኮከብን መከታተል፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቻችን

በዚህ ዙር የመረጥናቸው ጥያቄዎች ፀሐይን አንዴ ለመዞር ከ200 ዓመት በላይ ስለሚፈጅባቸው ጅራታም ኮከቦች ናቸው። አብዛኞቹ በዐይን አይታዩም፤ በካሜራ እንኳ ትንሽ ጭጋግ ናቸው። ቀኖቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ የኛን ስንጠቅስ እንናገራለን።

«የምሕዋር ሠንጠረዡ ኤክሰንትሪሲቲው (ምሕዋሩ ከክብ የራቀበት ልክ) 1.0001 ነው ይላል። ከሌላ ኮከብ የመጣ ነው ማለት ነው?»

አይደለም። ከ1 በታች ከሆነ ምሕዋሩ ተዘግቶ ይዞራል፤ ከ1 በላይ ከሆነ ሄዶ የማይመለስ ነው፤ እስከዚህ ልክ ነዎት። ሠንጠረዡ ላይ ያለው ግን የአንድ ቀን ቁጥር ነው። በዚያ ቀን ፕላኔቶቹ ሁሉ ጠፍተው ፀሐይ ብቻዋን ብትቀር ጅራታሙ በየት በኩል እንደሚሄድ ነው የሚያሳየው። ከየት እንደመጣ ለማወቅ ምሕዋሩ ከፕላኔቶች ክልል ውጭ እስከነበረበት ጊዜ ድረስ ወደ ኋላ ይሰላል፤ መነሻውም የፀሐይ መሃል ሳይሆን የመላው ሥርዓተ ፀሐይ የክብደት ማዕከል ይሆናል። ያኔ አብዛኞቹ ከ1 በታች ይወርዳሉ፤ በሥርዓተ ፀሐይ ዳር ካለው የበረዶ አካላት ክምችት፣ ከኡርት ደመና፣ የመጡ ናቸው ማለት ነው። ከውጭ የመጣ እንግዳ ሲሆን ቁጥሩ አያሻማም፦ የጅራታም ኮከብ ቦሪሶቭ 3.36 ነበር፤ በጁላይ 2025 የተገኘው 3አይ/አትላስ 6 ገደማ ነው። በተቃራኒው ሲ/1980 ኢ1 የኛው ሆኖ ሳለ በ1980 መጨረሻ በጁፒተር አጠገብ ሲያልፍ ተገፍቶ 1.057 ደረሰ፤ ከእንግዲህ አይመለስም።

ገና በተገኘ ሰሞን ቁጥሩ ልክ 1.0 ከሆነ ደግሞ አልተለካም ማለት ነው። የጥቂት ቀን ምልከታ ስለማይበቃ ለጊዜው ፓራቦላ (በተዘጋና በክፍት ምሕዋር ድንበር ላይ ያለ መስመር) ነው ተብሎ ተይዟል።

«ከባህር ዳር ነው የምጽፈው። የላክሁት የጅራታም ኮከብ የቦታ ልኬት አንድ ቀን ተዛንፏል ተባልሁ። ሰዓቴ ትክክል ነበር።»

ሰዓትዎ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ የሚያሳስተው ቅየራው ነው። ልኬት የሚመዘገበው በዓለም አቀፉ ሰዓት (ዩቲሲ) ነው፤ የኛ አገር ሰዓት ከዚያ በ3 ሰዓት ይቀድማል፤ በዚያ ላይ አቆጣጠራችን የ6 ሰዓት ልዩነት አለው። ምሳሌ እንውሰድ፦ በ2018 ዓ.ም. ጥቅምት 10 ለ11 አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 8፡20። በፈረንጅ አቆጣጠር ኦክቶበር 21 ቀን 2025 ከሌሊቱ 2፡20 ነው። 3 ሰዓት ሲቀነስ ኦክቶበር 20፣ 23፡20 ይሆናል፤ ሰዓቱ በቀን አስርዮሽ ሲጻፍ 20.97222። በዚያው ሌሊት 9፡30 ላይ ያነሱት ሁለተኛ ምስል ግን 00፡30 ላይ ስለሚውል 21.02083 ነው። ሁለቱን በአንድ ቀን ስም ከመዘገቡ ከሁለት አንዱ መሳሳቱ አይቀርም። መፍትሔው ቀላል ነው፤ የኮምፒውተሩን ሰዓት ራሱን በዩቲሲ ላይ ያድርጉትና በኢንተርኔት የሰዓት አገልጋይ ያስተካክሉት። ከዚያ በኋላ በእጅ የሚቀየር ነገር አይኑር።

«ኤክስፖዠሬ (ካሜራው ብርሃን የሚሰበስብበት ጊዜ) ስንት ሰከንድ ይሁን? ሳስረዝመው ይሰመራል፤ ሳሳጥረው አይታይም።»

ሁለት ቁጥሮች ያስፈልግዎታል። የመጀመሪያው አንድ ፒክስል ስንት ቅስት ሰከንድ (የአንድ ዲግሪ 1/3600) እንደሚሸፍን ነው፦ የፒክስሉን ስፋት በማይክሮን በ206.265 አባዝተው ለቴሌስኮፑ የትኩረት ርዝመት በሚሊሜትር ያካፍሉ። ፒክስሉ 3.76፣ ርዝመቱ 800 ከሆነ 0.97 ይመጣል። ሁለተኛው የጅራታሙ ፍጥነት ነው፤ ከናሳው የኢንተርኔት አገልግሎት ከሆራይዘንስ ወይም የአስትሮይዶችንና የጅራታም ኮከቦችን ልኬት ከሚሰበስበው ዓለም አቀፍ ማዕከል ከማይነር ፕላኔት ሴንተር የቦታ ሠንጠረዥ ያገኙታል። በደቂቃ 1.2 ቅስት ሰከንድ የሚሄድ ከሆነ በ50 ሰከንድ አንድ ፒክስል ያህል ይንቀሳቀሳል፤ ከዚያ ብዙ አይለፉ። የጎደለውን ብርሃን በብዛት ያካክሱ፦ 25 ምስል አንስተው እንደ አስትሮሜትሪካ ባለ ፕሮግራም በጅራታሙ ፍጥነትና አቅጣጫ ልክ እየገፉ ይደራርቡ። 25 ምስል ሲደረብ ምልክቱ ከምስሉ ሁካታ (ከዝብርቅርቅ ነጠብጣቡ) አንጻር 5 እጥፍ ይጠራል፤ ወደ 1.7 ማግኒቲዩድ (የድምቀት መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ደማቅ ነው) የደበዘዘ ነገር ያዩበታል። ፍጥነቱን አሳስተው ከሞሉ ግን ጅራታሙ ራሱ ይቀባባና ይጠፋል።

«የቦታ ልኬቴ ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል።»

ወደየት እንደሚያዘነብል ይመልከቱ፤ በሽታውን ራሱ ይነግርዎታል። ስህተቱ በጅራታሙ ጉዞ መስመር ላይ ከሆነ ሰዓት ነው፦ በደቂቃ 2 ቅስት ሰከንድ ለሚሄድ አካል የአንድ ደቂቃ ዝንፈት 2 ቅስት ሰከንድ ያሳስታል። ወደ ጅራቱ የሚያዘነብል ከሆነ ደግሞ የጭጋጉን መሃል እየለኩ ነው። መለካት ያለበት አስኳሉ የተደበቀበት ደማቁ ነጥብ ብቻ ነው፤ የመለኪያውን ክብ ከ3 ወይም ከ4 ፒክስል በማይበልጥ ራዲየስ ያጥብቡት። ለማነጻጸሪያ የአውሮፓን የጠፈር ቴሌስኮፕ የጋያን የኮከቦች ዝርዝር ይጠቀሙ።

የጣቢያ ኮድ (የመመልከቻ ቦታችሁ መለያ) ገና የሌላችሁ፦ በጅራታም ኮከብ አትጀምሩ። ማይነር ፕላኔት ሴንተር ኮድ የሚሰጠው በቅድሚያ ምሕዋራቸው በደንብ የታወቀ አስትሮይዶችን ቢያንስ በሁለት ሌሊት ለክታችሁ ስታሳዩ ነው። ነጥብ ስለሆኑ ስህተታችሁ የናንተ እንጂ የጭጋጉ አለመሆኑ ይታወቃል።

«በአንድ ሌሊት አንዱ 12.1፣ ሌላው 14.6 ብሎ መዘገበ። ማንን ልመን?»

ሁለቱም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። አንዱ ጭጋጉን በሙሉ፣ ሌላው መሃሉን ብቻ ለክቷል። በካሜራ አጠቃላይ ድምቀት ሲለኩ ክቡን ደረጃ በደረጃ ያስፉና ድምቀቱ መጨመር እስኪያቆም ይጠብቁ፤ የሰማዩን ጀርባ ከጭጋጉ ውጭ ይውሰዱ፤ በክቡ ውስጥ የገባ ኮከብ ካለ ምስሉን ይተዉት ወይም ኮከቡን ያጥፉት። ከዚያ የክቡን ስፋት በቅስት ሰከንድና የተጠቀሙበትን የብርሃን ማጣሪያ አብረው ይጻፉ። ያለነዚህ ሁለት ነገሮች ማግኒቲዩድ ብቻውን ለማንም አይጠቅምም። በዐይን ለሚገምቱ ደግሞ ትልቅ ቴሌስኮፕና ከፍተኛ ማጉሊያ የጭጋጉን ዳር ስለሚውጡት ጅራታሙ ከሆነው በላይ ደብዛዛ መስሎ ይታያል፤ ጅራታሙ የሚታይበትን ትንሹን መሣሪያ ይምረጡ። ግምትዎን ሳይጽፉ የሌሎችን ቁጥር አይመልከቱ፤ ዐይን ያነበበውን ያያል።

«ከዓመት በፊት በዐይን ይታያል የተባለው ለምን ሳይታይ ይቀራል?»

ምሕዋር የስበት ጉዳይ ስለሆነ በደንብ ይተነበያል፤ ድምቀት ግን የበረዶና የአቧራ ጉዳይ ነው። የተለመደው ስሌት ይህ ነው፦ የጅራታሙ መሠረታዊ ድምቀት፣ ሲደመር 5 ጊዜ ከምድር ያለው ርቀት ሎጋሪዝም፣ ሲደመር ኬ ጊዜ ከፀሐይ ያለው ርቀት ሎጋሪዝም። ርቀቶቹ የሚለኩት ምድር ከፀሐይ ባላት አማካይ ርቀት ነው። ችግሩ ያለው ኬ ላይ ነው፤ ኬ ጅራታሙ ወደ ፀሐይ ሲቀርብ ምን ያህል ፈጥኖ እንደሚደምቅ ይገልጻል፤ ልማዱ 10 ብሎ መውሰድ ነው። ከፀሐይ 5፣ ከምድር 4.5 ርቆ ሳለ 15 ማግኒቲዩድ ነበር እንበል። ሁለቱም ርቀት 1 ሲሆን ኬ 10 ከሆነ 4.7 ይደርሳል፤ በጨለማ ሰማይ በዐይን ይታያል። ኬ 7 ከሆነ ግን 6.8 ላይ ይቆማል። ልዩነቱ ወደ 7 እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ነው፤ በሩቁ ደግሞ ሁለቱን መለየት ያዳግታል። ከኡርት ደመና ለመጀመሪያ ጊዜ የሚመጡት በተለይ ያታልላሉ፦ እንደ ካርቦን ሞኖክሳይድ ያሉ ፈጥነው የሚተኑ በረዶዎቻቸው በሩቁ ስለሚነሡ ቀድመው ይደምቃሉ፤ ውሃው መትነን ሲጀምር ግን የተጠበቀውን ያህል አይጨምሩም። የ1973ቱ ኮሁቴክ የተነገረለትን ያህል አልደመቀም፤ አይሰን ደግሞ ኖቬምበር 28 ቀን 2013 ፀሐይን ሲታከክ ፈራረሰ።

ግምቱን አልፎ የሚደምቅበትም ጊዜ አለ። ትሱቺንሻን–አትላስ (ሲ/2023 ኤ3) በኦክቶበር 2024 በምድርና በፀሐይ መካከል ሲያልፍ አቧራው የፀሐይን ብርሃን ወደ ፊት፣ ወደኛ፣ በተነ፤ ከስሌቱም በላይ ደመቀ። ስለዚህ በየወሩ የራስዎን ነጥቦች በርቀቱ ሎጋሪዝም ላይ ያስቀምጡና ኬን እንደገና ያውጡ።

«ሌሊቱን ሙሉ ፈለግሁት፤ የለም። ይህን ልላክ?»

ይላኩ። በ2020 የፈራረሰው ሲ/2019 ዋይ4 አትላስ ሲደበዝዝ «የለም» የሚለው ልኬትም መረጃ ነበር። በመጀመሪያ የምስሉን መሃል ከኮከቦቹ ጋር አመሳክረው ትክክለኛው ቦታ ላይ እንደነበሩ ያረጋግጡ፤ የቦታ ሠንጠረዡም የዚያን ሌሊት መሆኑን ይዩ። ከዚያ በአካባቢው የታየዎትን እጅግ ደብዛዛ ኮከብ ማግኒቲዩድ ያንብቡ። ጭጋግ ከኮከብ ይልቅ ለማየት ስለሚያስቸግር ቁጥሩን ትንሽ ወደ ደማቁ ይሳቡት፤ ኮከቡ 17 ከሆነ 16 ማለት ይሻላል። በስሎቬንያ ወደሚገኘው ኮብስ የመረጃ ቋት ሲያስገቡም ልኬት ሳይሆን ወሰን መሆኑን ምልክት ያድርጉበት።