ዘይቱ ማኪያቶ መሰለ
(የጋራዥ ጥያቄና መልስ፣ ከጅማ)

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ እንዴት ኖት፣ ከአሰንዳቦ ነው የምጽፍሎት። አባቴ የተወልኝ አንዲት አሮጌ ማሴ 290 ትራክተር አለች፣ በሷ የሰው መሬት እያረስኩ ነው ቤት የማስተዳድረው። ከግንቦት ወዲህ ማረሻውን ስታነሳ ትንቀጠቀጣለች፣ ማረሻውን የሚያነሳው የሃይድሮሊክ ፓምፕም ያቃስታል፣ ዲፕስቲኩን አውጥቼ ሳየው ዘይቱ ማኪያቶ መስሏል። ጅማ ወጥቼ ባለ 20 ሊትር ሁለት ጀሪካን ገዝቼ ቀየርኩ፣ ሶስት ሳምንት ሳይሞላው ያው ማኪያቶ። አሁን ድጋሚ ግዛ ይሉኛል፣ ብሩስ ከየት ይምጣ? አንዱ ጓደኛዬ በርሜል ውስጥ አድርገህ እሳት ላይ ጣደው ውሃው ይተናል አለኝ፣ ሌላው ደግሞ ናፍታ ጨምርበት ያጥበዋል አለ። የቱን ልስማ?

መልስ፦ ሁለቱንም አትስማ ወንድሜ፣ በተለይ የመጀመሪያውን። ውሃ ከዘይት ስለሚከብድ በርሜሉ ስር ይተኛል፣ እሳቱም ያለው እዛው ስር ነው። እኛ ጋ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ውሃ 94 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፣ አንድ ሊትር ውሃ ወደ እንፋሎት ሲቀየር ከ1,600 ሊትር በላይ ይሆናል፣ ያ ሁሉ እንፋሎት ከስር ሲነሳ ላዩ ላይ ያለውን ዘይት ይዞ እሳቱ ላይ ይገነፍላል፣ ከዛ በኋላ ትራክተሩን ትተን ጎጆው ተረፈ ወይ ነው የምንባባለው። በሰላም ቢያልቅልህ እንኳን የተንጨረጨረ ዘይት ዘይት አይደለም። ውሃ የሚያወጡት የፋብሪካ ማሽኖች ዘይቱን ሞቅ ብቻ ያደርጉትና አየሩን እየመጠጡ ነው ውሃውን የሚያስወጡት፣ ለ40 ሊትር ብለህ የምትገዛው እቃ አይደለም።

ናፍታውም ቢሆን፣ ያንተ ማሴ ፓምፕ እዛው ዘይቱ ውስጥ ተጠምቆ ነው የሚሰራው፣ ማለስለሻው ራሱ ዘይቱ ነው። በናፍታ ካቀጠንክበት ለማጠብ ብለህ ፓምፑን ትበላዋለህ።

ታዲያ ዝም ብሎ ቢያድር ውሃው አይዘቅጥም ወይ ልትለኝ ትችላለህ። ተራ የሃይድሮሊክ ዘይት (68 የሚሉት) ቢሆን አዎ፣ ጥቂት ቀን ሲቀመጥ ይለያል። የትራክተር ዘይት ግን (ዩቲቲኦ የሚሉት፣ ለካምቢዮውም ለዲፈረንሻሉም ለሃይድሮሊኩም ለፍሬኑም አንድ ላይ የሚያገለግለው) ትንሽ ውሃ ቢገባ በአንድ ቦታ ተጠራቅሞ ብረት እንዳያዝግ ውሃውን በትኖ እንዲይዝ ተደርጎ ነው የተሰራው። ስለዚህ ማታ አቁመህ ጠዋት የዘይት መውረጃውን ቡሎን ቀስ ብለህ ብትፈታ መጀመሪያ ንጹህ ውሃ ሊወርድልህ ይችላል፣ እሱን አስወርደው ጥሩ ነው፣ ማኪያቶው ግን ማኪያቶ ሆኖ ይቀራል። እንደዛ የነጣ ዘይት መቀየር ነው፣ ሌላ መላ የለውም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፣ ከቀየርክ በኋላ ለምን ተመለሰ? እኔ ሁለት ነገር ነው የምጠረጥረው። አንደኛ ስትቀይር ስንት ቡሎን ፈታህ? ብዙ ሰው አንዱን ፈትቶ መውረድ ሲያቆም አለቀ ይላል። ካምቢዮው፣ መሃሉ፣ የኋላው አክስል ዘይታቸው አንድ ይሁን እንጂ ከአንድ በላይ መውረጃ አለው፣ ጥጋጥጉ ውስጥ የቀረው አሮጌ ዘይት አዲሱን ያበላሸዋል። በሃይድሮሊክ የሚገለበጥ ተጎታች ካለህ ደግሞ የሱ ሲሊንደር ውስጥ ስንት ሊትር ማኪያቶ ቁጭ ብሎ አለ፣ መጀመሪያ ባነሳህበት ቀን ተመልሶ ይገባልሃል።

ሁለተኛው ዝናቡ ነው። ጅማ በአመት ከ1,500 ሚሊ ሜትር በላይ ይጥልብናል፣ የአሮጌ ማሴ ማርሽ ዘንጎች ደግሞ በእግርህ መሃል ቀጥ ብለው ካምቢዮው ውስጥ ነው የሚገቡት፣ የዘንጉ ስር ያለው ጎማ በእድሜ ብዛት ከተቀደደ መቀመጫህ ስር ያለው ውሃ ሁሉ እዛች ቀዳዳ ነው የሚገባው። ጎማው እኮ ከአንድ ሊትር ዘይት የሚበልጥ ዋጋ ያለው አይመስለኝም! ቀጥለህ የዲፕስቲኩን ክዳን፣ መተንፈሻውን ብሪዘር፣ የፒቲኦውን (ከኋላ ወጥቶ ሌላ እቃ የሚያዞረው ዘንግ) ሲል (ዘይት እንዳያፈስ የሚይዘው ጎማ) እያቸው። ላቫጆ ስታስገባትም ልጆቹ በፕሬሸር እነዚህ ቦታዎች ላይ እንዳይረጩ ቆመህ ተቆጣጠር፣ ሲል የተሰራው ዘይት እንዳይወጣ እንጂ የፕሬሸር ውሃ እንዳይገባ አይደለም። ወንዝ አቋርጠህም ከሆነ አክስሉ ጋ ያለውን ሲል አሳይ። (ራዲያተር ጋ የዘይት ማቀዝቀዣ ያላቸው አዳዲስ ትራክተሮች የራዲያተራቸው ውሃ እየቀነሰ ዘይታቸው ከነጣ ችግሩ እዛ ነው፣ ያንተን አይመለከትም።)

ቀዳዳውን ሳትደፍን አንድ ጀሪካን እንዳትገዛ። ከደፈንክ በኋላ ግማሽ ሰአት አሰርተህ ዘይቱ ሲሞቅ የማንሻውን ክንዶች መሬት አውርድ፣ ቡሎኖቹን በሙሉ ፍታና ሲንጠባጠብ ይደር። የመምጠጫውን ወንፊት አውጥተህ እጠበው፣ ናፍታ የምትጠቀመው እዚህ ጋ ነው፣ ውጪ ላይ፣ ደህና አድርገህም አድርቀው። ትራክተርህ የወረቀት ፊልትሮ ካለው ጣለው፣ ወረቀት ውሃ ሲነካው ያብጣል። ከዛ ረከስ ያለ ግን አይነቱ ያው የትራክተር ዘይት የሆነ ሙላና ፒቲኦውን አስገብተህ ክንዱን ከፍ ዝቅ፣ ተጎታቹን ከፍ ዝቅ፣ ትንሽ ንዳት፣ ፍሬን ያዝባት፣ ሲሞቅ መልሰህ አውርደው። ዋናውን የምትሞላው ያኔ ነው። አውቃለሁ ዘይቱ ሁለቴ ይገዛል፣ ያማል፣ ግን ውሃ ፓምፑንና ኩሽኔታውን ከበላው የሚመጣው ወጪ ከዚህ ጋር አይወዳደርም። ብር እስክታገኝ ከተቻለ አቁማት፣ ማረስ የግድ ከሆነም ቢያንስ በየጠዋቱ የዘቀጠውን ውሃ እያወረድክ።

ርካሽ ስልህ ግን 68 ሙላ ማለቴ አይደለም። ፍሬንህ ዘይት ውስጥ ነው የሚሰራው፣ 68 ለፍሬኑ የሚያስፈልገው ነገር የለውም፣ መጮህና መንሸራተት ይጀምራል።

የወረደውን ደግሞ አዌቱም ጊቤም አትድፋው፣ ጀሪካን ውስጥ አስቀምጠህ ለአጥር እንጨትህ ቀባው ምስጥ ይጠላዋል፣ ከጉድጓድ ውሃ ግን ራቅ አርገህ።

ጥያቄ፦ የኔ ዘይት አረፋ ነው የሚደፍቀው፣ እሱም ውሃ ነው? ከሰቃ።

መልስ፦ የግድ አይደለም። በንጹህ ብርጭቆ ቅዳና አስቀምጠው። አንድ ሁለት ሰአት ውስጥ ከስር ወደ ላይ እየጠራ ከሄደ አየር ነው፣ ዘይት አንሶሃል ወይም የመምጠጫው መስመር ጋ ኦሪንግ (የጎማ ቀለበት) አየር እየሳበ ነው። ነጭ እንደሆነ ካደረ ወይ ስሩ ውሃ ካቆረ ውሃ ነው። ካጠራጠረህ ቁራጭ ላሜራ በደንብ አግለህ (የእንጀራ ምጣዱን ተወው፣ ትዳርህን ያዝ) ከዘይቱ አንድ ጠብታ ብቻ ጣል አድርግበት፣ ጸጥ ብሎ ከጨሰ ደህና ነው፣ ጠሽ ጠሽ ካለ ውሃ አለበት። ፊትህን ራቅ አድርግ፣ መነጽር ካለህ አድርግ።

ጥያቄ፦ ባለ 208 ሊትር በርሜል ገዝተን ግቢ ውስጥ አቁመነዋል፣ ክዳኑ በደንብ ታስሯል፣ ግን ከሱ የቀዳነው ደመና መሰለ። አጭበርብረውን ነው? ከአጋሮ።

መልስ፦ ሊሆን ይችላል ግን መጀመሪያ በርሜሉን ጠርጥሩ። ቆሞ ዝናብ ሲመታው ውሃው ክዳኑ ዙሪያ ይቆራል፣ ቀን ጸሀይ ሲያገኝ ውስጡ ያለው አየር ይሰፋና ይወጣል፣ ማታ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ወደ ውስጥ ይስባል፣ ከአየሩ ጋር የቆረውንም ውሃ። ክዳኑ የታሰረ መስሎ ነው ይሄ የሚሆነው። ቤት ውስጥ አስገቡት፣ ካልሆነ በጎኑ አስተኙትና ሁለቱ ክዳኖች ጎን ለጎን አግድም ይሁኑ፣ ውስጥ ያለው ዘይት ይሸፍናቸዋል አየር አይስቡም። ትራክተር ላይ ከመሙላታችሁ በፊት ከስሩ በቱቦ ትንሽ ቅዱና ከላይ ያልኩትን የላሜራ ሙከራ ሞክሩት።