ባጉ በሁለት ቀኑ ለምን ይለቃል?

ጥያቄ፦ አባቴ አንጀታቸው ተጠማዞ ቀዶ ሕክምና ከተደረገላቸው አምስት ሳምንት ሆናቸው። ሰገራቸው በግራ ሆዳቸው ላይ በወጣው አንጀት በኩል ቆዳቸው ላይ በሙጫ ወደሚለጠፍ ከረጢት (ባግ) ይወርዳል። ባጉ ግን በሁለት ቀኑ ጠርዙ ይለቃል፤ ቆዳቸው ቀልቶ ያቃጥላቸዋል። ቫዝሊን ብንቀባቸው ባሰ፣ ፕላስተር ብንደራርብም አልቆመም። እሳቸው ደግሞ እርሻ ልውጣ እያሉ ነው። (ከቡሬ)

መልስ፦ ቫዝሊኑን ዛሬውኑ ተዉት። ቅባት በነካው ቆዳ ላይ ሙጫ አይዝም። ፕላስተሩም ሰገራውን ከሥር አፍኖ ያስቀረዋል፤ ቆዳቸውን የሚያቃጥለው ይኸው የታፈነው ሰገራ ነው። ጠርዙ አንዴ ከተነሣ አውልቆ፣ አጥቦ ሌላ መለጠፍ እንጂ መጠገን የለም።

ከሁሉ በፊት የምንጠረጥረው አንጀቱ እንዲገባበት በባጉ ሙጫ ላይ የምትቆርጡትን ቀዳዳ ስፋት ነው። የወጣው አንጀት በቀዶ ሕክምናው ሰሞን ያብጣል፤ ከዚያ እስከ 6 ወይም 8 ሳምንት ድረስ እብጠቱ እየጎደለ ይሄዳል። መጀመሪያ በተለካላቸው ልክ እስካሁን የምትቆርጡ ከሆነ ቀዳዳው ሰፍቷል፤ በተራቆተው ቆዳ ላይ ሰገራ ይተኛል። በየሳምንቱ ለኩ። መለኪያ ካርድ ከሌላችሁ ንጹሕ ስስ ላስቲክ በአንጀቱ ላይ ዘርግታችሁ ዙሪያውን በእስክርቢቶ አንሡ፤ ከዚያ 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ብቻ አስፍታችሁ ቁረጡ። ቅርጹ ክብ ካልሆነ በባጉ ጀርባ ላይ ስታነሡት ላስቲኩን ገልብጡት፤ አለዚያ ግራው ቀኝ ይሆናል።

የምትቀይሩት ጠዋት፣ ቁርስ ሳይቀምሱ ይሁን፤ ሰገራው የሚቀንሰው ያኔ ነው። ቆዳውን በአንድ እጅ ጫን እያላችሁ ባጉን ከላይ ወደ ታች ቀስ ብላችሁ ላጡ። ለብ ያለ ውኃ ይበቃል፤ አልኮል አያስፈልግም። ፀጉር ካለ በመቀስ አሳጥሩ። ቆዳው ጠብ የሚል እርጥበት እስከማይቀርበት ድረስ አድርቁ፣ ከለጠፋችሁ በኋላም መዳፋችሁን ለ2 ደቂቃ ያህል ጫኑበት፤ ሙጫውን የሚያስይዘው ሙቀቱ ነው። ሲሦው ሲሞላ አፍስሱት፤ ሲከብድ ራሱን ይገነጥላል። ትርፍ ባግ ምድጃ ዳር አታስቀምጡ።

ሞፈር መጨበጡ ግን ገና ነው። ሐኪማቸው ሳይፈቅድ ከባድ ነገር ቢያነሡ በአንጀቱ ዙሪያ ቡአ ሊወጣባቸው ይችላል። የቁምጣቸው ቀበቶም በአንጀቱ ላይ አይረፍ።

አንጀቱ እንደ ከንፈር ውስጥ ቀይና እርጥብ ከሆነ፣ ሲጠረግም ጥቂት ደም ቢነካው አትደንግጡ። ሕመም ስለማይሰማው በሕመም አትፍረዱ፤ ቀለሙን እዩ። ከጠቆረ፣ ወይም ምንም ሳይወጣ ሆዳቸው ተነፍቶ ካስመለሳቸው በዚያው ቀን ሆስፒታል ውሰዷቸው።

ጥያቄ፦ በጾም ሰሞን ባጉ በአየር ይነፋብኛል። በመርፌ ብበሳውስ? (ከሞጣ)

መልስ፦ አይብሱት፤ ሽታውም ፈሳሹም በዚያው ይወጣል። ከታች ከፍተው አየሩን ይልቀቁ፣ በተለይ ከመተኛትዎ በፊት። ባቄላ፣ አተር፣ ጥቅል ጎመንና ጠላ አየር ያበዛሉ። ሽሮውን መተው አይጠበቅብዎትም፣ መጠኑን ይቀንሱ፤ ጠላው ላይ ግን ጠንከር ይበሉ። የወጣው ቀጭኑ አንጀት ከሆነ ከአየሩ ይልቅ ቆሎውን ይፍሩ፤ በደንብ ያልታኘከ ቆሎ ጠባቡን መውጫ ይዘጋል።