ቪውፋይንደሩ ደበዘዘብኝ፦ ዓይናቸው ለደከመ ፎቶ አንሺዎች ጥያቄና መልስ

ባሕር ዳር ላይ ካሜራ አንግበው የጎለመሱ ሰዎች ሰሞኑን አንድ ዓይነት ስሞታ ያበዛሉ፤ በቪውፋይንደር፣ ማለትም ዓይን በሚያስጠጉበት የካሜራው መመልከቻ፣ ሲያዩ አይጠራላቸውም። አንዳንዱ ሌንሱ ተበላሸ ብሎ ሊሸጠው ይነሳል። ጥያቄ ያላችሁ ጠይቁ ብዬ ነበር፤ የመጣውን እንደ ቅደም ተከተሉ እመልሳለሁ። ዋጋ የጠየቃችሁኝን ግን ትቼዋለሁ፣ ከሱቅ ሱቅ ስለሚለያይ።

ጋሼ፣ ዕድሜዬ 52 ነው። ሩቁን ያለ መነጽር አያለሁ፤ ለማንበብ ፕላስ ሁለት አደርጋለሁ። ሰርግ ሳነሳ በቪውፋይንደሩ ውስጥ ሁሉም ነገር ጭጋግ ሆነብኝ። የማንበቢያ መነጽሬን አድርጌ ልይ?

አታድርግ፣ ወንድሜ። ዓይናችን ውስጥ ያለው ሌንስ ከ40 ዓመት ወዲህ እየደረቀ ስለሚሄድ ቅርብ ያለውን ማጥራት ያቅተዋል። ያንተ ፕላስ ሁለት የተሠራው እጅህ ላይ ላለ ወረቀት፣ ማለትም ለግማሽ ሜትር ገደማ ነው። ቪውፋይንደር ደግሞ ዓይንህ ላይ ቢለጠፍም ምስሉን የሚያሳይህ እዚያው አይደለም። አብዛኞቹ ውስጣቸው አንጸባራቂ መስታወት ያላቸው ካሜራዎች ምስሉን 1 ሜትር ገደማ ርቀት ላይ እንዳለ አድርገው ነው የሚያቀርቡት፤ በመነጽር ቋንቋ ማይነስ 1 ማለት ነው። እና የጎደለህ ቢበዛ አንድ ቁጥር ነው። በፕላስ ሁለት ካየህ ታልፈዋለህ፣ እንደገና ይደበዝዝብሃል።

የሚያስፈልግህ ነገር ካሜራው ላይ አለ። ከመመልከቻው አጠገብ ፕላስና ማይነስ የተጻፈበትን ትንሽ መዞሪያ ፈልግ፤ አንዳንዱ ላይ ከዓይን ላስቲኩ ሥር ስለተደበቀ ላስቲኩን ማውጣት ይጠይቃል። ካሜራውን ወደ ነጭ ግድግዳ ወይም ፀሐይ ወደሌለችበት ጥርት ያለ ሰማይ አዙርና መዝጊያውን በግማሽ ተጫን። ከታች ቁጥሮቹ ይበራሉ። ግድግዳውን እርሳው፤ የምታየው ቁጥሮቹንና የፎከስ ነጥቦቹን ብቻ ነው። መጀመሪያ መዞሪያውን እስከ ፕላስ ጫፍ ውሰደው፣ ከዚያ ቀስ እያልክ ወደ ማይነስ መልሰው፤ ቁጥሮቹ ገና ጥርት እንዳሉ አቁም። ከዚያ አልፈህ ወደ ማይነስ ከሄድክ ዓይንህ ተጨናንቆም ቢሆን ያጠራዋል፣ ግን ከሰዓት በኋላ ራስ ምታት ታተርፋለህ። ሙሽሮች ወደ ጣና ዳር ከመምጣታቸው በፊት ጠዋት ቤትህ አድርገው። ሲስማማህም መዞሪያው ላይ ትንሽ የጥፍር ቀለም ነጥብ አድርግበት፤ ከቦርሳ ስታወጣው ሳታውቀው ይዞራል።

አስተካክዬዋለሁ፤ ውስጡ ጥርት ብሎ ይታየኛል። ዘጌ ውስጥ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ያነሳኋቸው የግድግዳ ሥዕሎች ግን አሁንም ደብዛዛ ናቸው።

መዞሪያው ላንተ ዓይን እንጂ ለፎቶው ምንም አይሠራም። ኦቶፎከስ የሚያጠራው በራሱ ነው፤ አንተ አየህ አላየህ ግድ የለውም። በዚያ ጨለማ ውስጥ መዝጊያው ዘግይቶ ካሜራው ተንቀጥቅጦብህ ይሆናል። ካሜራውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠህ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ጋዜጣ በሰዓት ቆጣሪ አንሳና ኮምፒውተር ላይ አስፍተህ እየው። ፊደሉ ከጠራ ሌንስህ ጤነኛ ነው። በእጅህ ፎከስ የምታደርግ ከሆነ ግን ነገሩ ይለያል፤ ያኔ ዓይንህ ዳኛ ስለሆነ መዞሪያው ካልተስተካከለ ፎቶውም አብሮ ይበላሻል።

ጡረታ የወጣሁ ነኝ። ኒኮን ኤፍኤም2 የሚባል የፊልም ካሜራ አለኝ፤ መዞሪያ የሚባል ነገር የለውም። ለሩቅ ፕላስ አንድ መነጽር አደርጋለሁ።

ልክ ነዎት አባቴ፣ ኤፍኤም2 ማይነስ 1 ላይ የቆመ ነው፣ አይዞርም። መመልከቻው ላይ ግን ክር አለው፤ ክብ ማረሚያ መስታወት ይጠመዝዙበታል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያባክንበት ነገር አለ። ኒኮን በእነዚህ መስታወቶች ላይ የሚጽፈው ቁጥር የመስታወቱን ብቻ ሳይሆን ከካሜራው ማይነስ 1 ጋር ተደምሮ የሚወጣውን ነው። «0» የተባለው መስታወት በራሱ ፕላስ 1 ነው ማለት ነው። እርስዎ ያለ መነጽር ማየት ከፈለጉ የሚገዙት «+1» የሚለውን ነው። ዋናውን አጥተው እዚሁ ከተማ መነጽር ቤት በልክ ካስቆረጡ ደግሞ ባለሙያው የሚሠራልዎት ፕላስ 2 መሆን አለበት። ይህን ሳይነግሯቸው «ፕላስ አንድ ቆርጣችሁ ስጡኝ» ካሉ ተመልሰው ጭጋግ ውስጥ ይገባሉ። ካኖንም የሚቆጥረው እንዲሁ ነው።

በነገራችን ላይ ካሜራዎ ለደከመ ዓይን የተመቸ ነው። መሐል ላይ ለሁለት የተሰነጠቀ ክብ አለው፦ ታንኳ ሲያነሱ የቀዛፊውን ዘንግ ክቡ ላይ ያድርጉት፤ ዘንጉ ከተሰበረ ፎከስ አልሆነም፣ ቀጥ ብሎ ከገጠመ ሆኗል። የመስመር መሰበርን ዓይን ከድብዝዝነት ይልቅ ቶሎ ይለያል። ከደንገሉ ጎን ግን አይሞክሩት፤ ቀጥ ያለ ጠርዝ ከሌለ ክቡ አይረዳዎትም።

ማይነስ አራት ነኝ፣ አስቲግማቲዝምም (በየአቅጣጫው እኩል ያልሆነ ድብዘዛ) አለብኝ። መነጽሬን አውልቄ በመዞሪያው ብቻ ልሥራ?

እህቴ፣ አይበቃሽም። የብዙ ካሜራዎች መዞሪያ ማይነስ 3 ላይ ያበቃል፣ እዚያ ሳይደርስ የሚቆምም አለ። ያንን በተጨማሪ መስታወት ትሞይዋለሽ እንበል፤ አስቲግማቲዝሙን ግን መዞሪያው አይነካውም፣ ምክንያቱም ሁሉንም አቅጣጫ እኩል ነው የሚያስተካክለው። ቁጥሮቹ በአንድ በኩል ጠርተው በሌላ በኩል ጥላ የሚጥሉብሽ ለዚህ ነው። የእኔ ምክር መነጽርሽን አታውልቂ ነው። መዞሪያውን መነጽር አድርገሽ አስተካክይ፤ ካሜራ ስትገዢም ዓይን ራቅ ብሎም ማዕዘኖቹን ሁሉ የሚያሳይ ቪውፋይንደር ምረጪ። ኒኮን በ1982 እ.ኤ.አ. ኤፍ3 ኤችፒ የተባለውን ካሜራ ያወጣው ለዚሁ ነው፤ ዓይን 25 ሚሊ ሜትር ርቆ ሙሉውን ያያል። ላስቲኩ ከወለቀ ጠርዙ መነጽርሽን ይፍቃልና ቶሎ ተኪው።

ሩቅና ቅርብ አንድ ላይ ያለው መነጽር ነው ያለኝ።

በላይኛው በኩል እይ። አንገትህን ቀና ካደረግህ ሳታውቀው በማንበቢያው ክፍል ታያለህ።

የኋላው ስክሪን አይታየኝም። ፎቶ ባየሁ ቁጥር መነጽር ማድረግ ሰለቸኝ።

ስክሪን እንደ ወረቀት ነው፣ የማንበቢያ መነጽር ይፈልጋል፤ በአንገት ማሠሪያ አንጠልጥለው። ሚረርለስ (ውስጡ አንጸባራቂ መስታወት የሌለው፣ ቪውፋይንደሩ ትንሽ ስክሪን የሆነ ካሜራ) ካለህ ግን ያነሳኸውን እዚያው ቪውፋይንደሩ ውስጥ ማየት ትችላለህ፣ ሜኑውንም ጭምር። አንዴ ለዓይንህ ካስተካከልከው መነጽር አያስፈልግህም፣ የጣና ነጸብራቅም አያስቸግርህም። ዕድሜው ከ50 ላለፈ ሰው ሚረርለስ ግዛ የምለው ከምንም በላይ ለዚህ ነው።

በየሳምንቱ መዞሪያውን መቀየር ግድ ሆነብኝ። ማታ ደግሞ መብራት ዙሪያ ክብ ጨረር ይታየኛል።

ካሜራውን ተወውና የዓይን ሐኪም ዘንድ ሂድ። ዕድሜ እንዲህ አይቸኩልም። ጨረሩ የዓይን ሞራ ሊሆን ይችላል፤ እሱን የሚያስተካክለው ቀዶ ሕክምና እንጂ መስታወት አይደለም። ቁጥሩ ከፍ ዝቅ የሚለው የደም ስኳር ሲዋዥቅም ነው፣ ስኳርህን አስለካ። ቀጥ ያለ መስመር የሚጎብጥብህ፣ ዓይንህን የሚያምህና የሚቀላ ከሆነ፣ ወይም ከዳር መጋረጃ የወረደ የሚመስልህ ከሆነ ነገ አትበል።

አስጎብኚ ነኝ፤ ፎቶ አላነሳም። ለቱሪስት ፔሊካንና ጉማሬ የማሳይበት ባይኖኩላር በአንድ ዓይን ብቻ ነው የሚጠራልኝ። ይኸም ይመለከተዋል?

በደንብ። የብዙዎቹ መዞሪያ የቀኙ ዓይን መመልከቻ ላይ ነው። የቀኙን መስታወት በእጅህ ሸፍነህ በግራ ዓይንህ ሩቅ ያለ ነገር፣ ለምሳሌ የደሴት ዛፍ ጫፍ፣ በመሐለኛው ጎማ አጥራ። ቀጥለህ ግራውን ሸፍን፤ መሐለኛውን ሳትነካ በቀኙ መዞሪያ ያንኑ ዛፍ አጥራ። ከዚያ በኋላ የምትነካው መሐለኛውን ብቻ ነው። ቱሪስቱ ለራሱ ዓይን ስለሚያዞረው፣ ቆጥረህ እንድትመልሰው የራስህን ቦታ አስታውስ።